ያልተደረሰ ልቅሶ

ጥር 14 ቀን 2017፣ ረቡዕ

ጥምቀት አለፈ፤ እንግዳው ሄደ፤ የጎንደሯ ሰፈራችን ማራኪም እንደገና የተማሪና የታክሲ ሆነች።

ይህን ደብተር የጀመርሁት ትዕግስት «ኮምፒውተሩ ላይ የጻፉትን ባጠፉብዎ ቁጥር ለእኔ ከሚነግሩኝ ለወረቀት ይንገሩት» ስላለችኝ ነው። ትዕግስት የኋለኛውን ክፍል ተከራይታ የምትኖር የሆስፒታል ላቦራቶሪ ሠራተኛ ናት። ባለፈው ክረምት፣ ዝናቡ ቤት ባዋለን ጊዜ፣ የኢንተርኔቱን መዝገበ ዕውቀት አሳየችኝ። ማንም ገብቶ የሚጽፍበት፣ ማንም ገብቶ የሚያርመው መጽሐፍ ነው። መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ነበር።

እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም። ማንበብ የለመድሁት በፊት የነበርንበት ቤት ግድግዳ ላይ ከተለጠፈው ጋዜጣ ነው። አንዳንዱ ተዘቅዝቆ ተለጥፎ ስለነበር ዛሬም ተገልብጦ የተጻፈ ነገር ሳልቸገር አነባለሁ።

ስሜን አልጻፍሁም። እዚያ ሰው የፈለገውን መጠሪያ ይይዛል፤ እኔ «ማስተዋል» አልሁ። የያዝሁት ገጽ «እንዳይደገም» የሚለው ነው፤ በየአገሩ በግፍ ለተጨፈጨፉ ሰዎች በሚቆም መታሰቢያ ላይ ስለሚጻፈው መፈክር። ስደርስበት ሦስት መስመር ነበር። የአይሁዶችን እልቂት ጨመርሁ፤ የሩዋንዳን ጨመርሁ፤ የእኛን የቀይ ሽብር ዘመንም በአጭሩ። ከየአንቀጹ በታች «ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልን» ብዬ አስቀመጥሁ። «ሚዛን» የሚባል አራሚ አለ፤ ማን እንደሆነ ማንም አያውቅም። ዛሬ ሁሉንም አጠፋብኝና እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ፦ «ይህ መዝገበ ዕውቀት እንጂ ልቅሶ ቤት አይደለም።»

ትዕግስት በሳቅ ሞተች። «ቆይ ግን፣ ከዚያ ሁሉ ገጽ ይህን ለምን መረጡት?»

«አጭር ስለነበረ» አልኋት።

ጥር 17፣ ቅዳሜ

መብራት የለም። የኮምፒውተሩ ባትሪ ሊያልቅ ነው፤ በችኮላ ነው የምጽፈው።

አንድ ሰው ገጹ ላይ ስለ ጎንደር ጨመረ። መጠሪያው «የድብ ባሕር ልጅ»። የጻፈው፦ «በቀይ ሽብር ዘመን በጎንደር ከተማ የሟች ቤተሰብ እንዳያለቅስ የቀበሌ ጠባቂዎች በየደጁ ይቆሙ ነበር፤ ጎረቤትም ልቅሶ እንዳይደርስ ተከልክሎ ነበር።»

ደጋግሜ አነበብሁት። አጠፋሁት።

ምንጭ አልጠቀሰማ።

ጥር 19፣ ሰኞ

መለሰው። እንደገና አጠፋሁት። የምክንያቱ ቦታ ላይ «ምንጭ የለውም» አልሁ። ሚዛን ደግሞ «ጥሩ ሥራ፣ ማስተዋል» ብሎ አመሰገነኝ።

ከዚያ ሰው ምስጋና ሳገኝ የመጀመሪያዬ ነው። ምሳ አልበላ አለኝ።

ጥር 23፣ ዓርብ

ያ ሰው ዓረፍተ ነገሩን ሲጽፍ ጠባቂዎቹ እነማን እንደነበሩ የሚያውቅ አይመስለኝም። «ጠባቂዎች» ብሎ ዝም። የሃያ፣ የሃያ አንድ ዓመት ልጆች ነበሩ። ጠመንጃ አሸከሟቸው። እዚህ ቁም ካሏቸው ቆሙ። እንቢ ያለው ምን እንደሆነ ሁሉም አይቷል። መጽሐፍ ላይ ሲጻፍ ይህም አብሮ መጻፍ አለበት፤ ካልሆነ ጭራሽ አለመጻፍ።

ባለቤቴ አወቀ በዚያን ጊዜ ቀበሌ ይሠራ ነበር። ሁሉም አንድ ነገር ይሠራ ነበር። በኋላ ልብስ ሰፊ ሆነ፤ ሰው የሚያውቀው በዚያ ነው። ከሞተ ስድስት ዓመቱ።

ሸጋ ሰው ነበር። የእድራችን ዳኛ ሆኖ ብዙ ዘመን አገልግሏል። ሰው ሞተ ሲባል መርፌውን ከጨርቁ ሳይነቅል ይነሳል። ዝናብ ይሁን፣ በሽታ ይዞት ይሁን፣ የማያውቀው ሰው ይሁን፣ ድንኳኑ ሳይተከል እሱ እዚያ ነው። አንድ ጊዜ ትኩሳት አንዘፍዝፎት «ዛሬ እንኳ ቅር» ብለው «ሰው ከልቅሶ አይቀርም» ብሎ ጮኸብኝ። ጮኾብኝ አያውቅም ነበር። ለምን እንደዚያ እንደሚሮጥ ጠይቄው አላውቅም።

ሙት ወቃሽ አያድርገኝና ሌላ የምለው የለኝም።

ጥር 28፣ ረቡዕ

ከፒያሳ ስመለስ ታክሲ ውስጥ ሁለት ሴቶች ከኋላዬ ያወራሉ።

«መንገዱ ተዘግቶ እናቱ ሳትደርስ ቀበሩት።»

«ምነው? ስልክ አልደወሉላትም?»

«ደውለው ነው እንጂ። በእግሯ ልትመጣ ተነስታ ነበር፤ መለሷት።»

«ውይ! ልጇን ሳታለቅሰው!»

«አሁን ምን እንደሆነች አትጠይቂኝ። አታለቅስም፣ አትበላም። ዝም ብላ ደጅ ደጁን ማየት ነው።»

ከመውረጃዬ አንድ ፌርማታ አስቀድሜ ወረድሁ። አየር ስላነሰኝ ነው። ከሩቅ ደግሞ ተኩስ ነበር፤ ሠርግ ይሁን ሌላ፣ ሰው መጠየቅ ትቷል። ቤት ገብቼ ገጹን ከፈትሁና የመፈክሩን ስም ትክ ብዬ ሳየው ዋልሁ። እንዳይደገም። ለማን ነው የሚባለው?

የካቲት 2፣ እሑድ

የድብ ባሕሩ ሰው ገጹን ተወውና የውይይቱ ቦታ ላይ ጻፈ። እንዳለ ልገልብጠው፦

«ምንጭ እያላችሁ ሁለት ጊዜ አጠፋችሁብኝ። ክንዱ እባላለሁ፤ ከጎንደር ሰሜን ድብ ባሕር በምትባል ከተማ የታሪክ መምህር ነኝ። አያቴን መንበረን በ1970 ጎንደር ላይ ልጃቸውን ገደሉባቸው። አስከሬኑን አልሰጧቸውም። እንዳያለቅሱ ደጃቸው ላይ ጠባቂ ቆመባቸው። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቢወጡ ‹አስተካክይ› ተብለው ተመለሱ። ከጎረቤት አንድ ሰው ብቅ አላለም። ሲመሻሽ ቀበሌው ሕዝቡን ሰብስቦ በደጃቸው መፈክር እያሰማ አሳለፈው። ከዚያ በኋላ ወደ ትውልድ አገራቸው ተመለሱ። ከዚያን ቀን ወዲህ ለማንም ሰው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አያውቁም። ‹የእኔ ልቅሶ አልተደረሰም፤ ሳልቀመጥ እንዴት እነሳለሁ?› ይላሉ። ዘጠናን አልፈዋል። እሳቸው በሕይወት እያሉ ነገሩ አንድ ቦታ ተጽፎ ባነብላቸው ብዬ ነው። ምንጭ ከተባለ ምንጬ እሳቸው ናቸው።»

የልጁን ስም አልጻፈውም።

ላቀው ነበር።

የካቲት 5፣ ረቡዕ

ሦስት ቀን ኮምፒውተሩን አልነካሁም።

እትዬ መንበረ ቅዳሜ ገበያ በርበሬ ይሸጡ ነበር። አጥራችን አንድ ነው። እኔ አዲስ ሙሽራ፣ አሥራ ሰባት ዓመቴ፤ ላቀው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ፣ ምናልባት በአንድ ዓመት ይበልጠኝ ይሆናል። ከግድግዳው ጋዜጣ ላይ ያልገባችኝን ፊደል በከሰል መሬት ላይ እጽፍና በአጥሩ ቀዳዳ እጠራዋለሁ። «ይህችስ?» «እሷማ ‹ኧ› ናት። ሰው ሲያመው የሚላት» ይለኛል። አስተማሪ ሆኖ አይደለም፤ ሲያልፍ ሲያገድም።

ያን ቀን ከየቤቱ አንድ ሰው ይውጣ ተባለ። ከእኛ ቤት አወቀ ሥራ ላይ ስለነበረ እኔ ወጣሁ። ሁሉም ወጥቷል። የግራ እጅ ወደ ላይ ተባለ፤ አነሳን። «ቀይ ሽብር ይፋፋም!» በሉ ተባለ፤ አልን። እዚያ ደጅ ስንደርስ ቆም አደረጉን። ጠባቂው አንገቱን ደፍቶ ነበር፤ ቀና ብሎ አላየኝም። የእኔ ድምፅ ቀጭን ነው። በወንዶቹ ድምፅ መሐል ቀጭን ድምፅ ለብቻው ይወጣል።

እህቴ ስትዳር «ምነው እልልታሽ?» ብለው አፋጠጡኝ። ጉሮሮዬን አሞኛል አልሁ። ከዚያ ወዲህ በየሠርጉ፣ በየክርስትናው፣ በየልቅሶው ጉሮሮዬን እንዳመመኝ ነው። ሰውም ለምዶታል።

የካቲት 8፣ ቅዳሜ

ትዕግስት ከሥራ ገብታ ኮምፒውተሩን ከፈተች። የገጹን ታሪክ የሚያሳይ ቦታ አለ፤ ማን ምን እንደጨመረ፣ ማን ምን እንዳጠፋ ተዘርዝሮ ይገኛል። እኔ ረስቼዋለሁ።

«እትዬ እንኳየሁ፣ የጎንደሩን ያጠፉት እርስዎ ነዎት እንዴ?»

«ምንጭ የለውም።»

«የመምህሩን ጽሑፍ አላዩትም?»

«አይቸዋለሁ። ደንብ ደንብ ነው።»

«ደንብ!» አለች እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። «የቤት ኪራይ ውል እንኳ ሳያስፈርሙኝ ሁለት ዓመት አስቀምጠውኝ፣ ዛሬ ለዚህ ደንብ አገኙ!»

ልሳቅ ብል አልሆነልኝም። አየችኝ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ያውቋቸዋል?» አለች።

ወጡን ላማስል ብዬ ወጣሁ። ምድጃው ላይ ወጥ አልነበረም። ባዶ ምድጃ ፊት ቆሜ አገኘችኝ፤ አጠገቤ ቆመች። አልጠየቀችኝም። ስለ እናቷ ታወራ ጀመር።

«እናቴ ልቅሶ ሳትደርሰው የቀረ ሰው ካጋጠማት ገበያ መሐልም ቢሆን ቁጭ ብላ ታለቅሳለች። ሦስት ዓመት ቢያልፈው ግድ የላትም። እኛ በሐፍረት እንሸሻለን፤ ሰውዬው ግን አብሯት ቁጭ ይላል። ሲጨርሱ ‹በል ልጆች ደህና ናቸው?› ይባባላሉ።»

«ሃምሳ ዓመት ሊሞላው የተቃረበስ?» አልሁ።

አሰበችበት። «እንደዚያ የዘገየ ሰው አላውቅም» አለች። «ታክሲ አጥቼ ነው ይበሉ።»

ያኔ ሳቅሁ። ሳቁ አልቆም ብሎኝ ዓይኔን በመቀነቴ ጠረግሁ።

የካቲት 10፣ ሰኞ

ለክንዱ ጻፍሁ፤ ሌላ ሰው በማያየው በኩል። «አያትህ ይሰማሉ? ይናገራሉ?»

መልሱ ከሰዓት በኋላ መጣ፦ «ደስ ያላላቸውን ካልሆነ በቀር ይሰማሉ። እርስዎ ማን ነዎት?»

የጻፍሁትን ማጥፋት፣ መጻፍ፣ ማጥፋት ሆነ። መጨረሻ ላይ የላክሁት አንድ ቃል ነው፦ «ጎረቤት።» ከታች ስሜን አደረግሁ፤ ማስተዋል ሳይሆን እንኳየሁ።

የስልክ ቁጥሩን ላከልኝ።

የካቲት 12፣ ረቡዕ

የሰማዕታት ቀን። ሬዲዮው ጧት ጀምሮ ስለ ግራዚያኒ ጭፍጨፋ ያወራል። አበባ ተቀመጠ፣ ንግግር ተደረገ። እንዳይደገም አሉ። ሬዲዮውን ቀነስሁና ደወልሁ።

ክንዱ ድምፁ የተረጋጋ ነው። «እትዬ፣ ስምዎን ስነግራቸው ‹አላውቅም› ይሉኛል ብዬ ፈርቼ ነበር» አለኝ። «እንዲያ አላሉም። ቆይተው ‹ድምጿ ቀጭን የነበረችው?› አሉኝ።»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርሁት።

«ሃሎ? እትዬ? መስመሩ ተቋረጠ?»

«አለሁ።»

«‹መንገዱ ሲከፈት ትምጣ› ብለዋል። ሌላ አላሉም።»

መንገዱ እስካሁን ዝግ ነው። እንዳይከፈት ተመኘሁ። ይህን መጻፍ ያሳፍራል፤ ግን ተመኝቻለሁ። እየተከራከርሁ ያለሁት ከማን ጋር እንደሆነ እንኳ አላውቅም። ባትደውይ ማን ያይሽ ነበር? ብሄድ «ለምን መጣሽ» ቢሉኝስ? ብዘገይና ቢሞቱስ?

ይህ የመጨረሻው ነው ሌላውን ሁሉ የሚያስጥለኝ።

የካቲት 14፣ ዓርብ

መንገድ ተከፈተ። ነገ በጧቱ መኪና አለ።

ምን ይዤ ልሂድ ብዬ ስንቆራጠጥ ትዕግስት «ልቅሶ ምን ይዞ ነው የሚኬደው?» አለችኝና ስንዴና ባቄላ ቀቀለች። ንፍሮው አሁን በሳፋ ተዘርግቶ እየበረደ ነው።

ነጠላዬን አዘጋጀሁ። አልተኛሁም ብል ውሸት ነው፤ ተኝቼ ነበር፤ ሕልሜ ግን ሁሉ አጥር ነበር።

የካቲት 16፣ እሑድ፣ የጾሙ ዋዜማ

ትናንት ሄጄ እዚያው አድሬ ዛሬ ተመለስሁ። እንዳይረሳኝ ከመጀመሪያው ልጻፈው።

ጧት መናኸሪያ ስደርስ ነጠላዬ እንደተዘቀዘቀ ያየ ሁሉ መንገድ ይለቅልኛል። ረዳቱ ከፊት አስቀመጠኝ። ሾፌሩ «እግዜር ያጥናዎ፤ ማን ሞተብዎ?» አለ።

«ጎረቤቴ።»

«ቅርብ ነው?»

«ቆየት ብሏል።»

«መንገዱ እኮ ነው» አለ። «ይህ መንገድ ስንቱን ሰው ልቅሶ አስቀረ!» እኔም አዎ አልሁ። የመንገዱ ብቻ ቢሆን ኖሮ።

ድብ ባሕር ስንደርስ ክንዱ አስፋልቱ ዳር ቆሞ ነበር። ጎልማሳ ነው፤ ግንባሩ የላቀው ግንባር። ንፍሮውን ተቀበለኝና ዝም ብለን ሽቅብ ወጣን። ቤቱ ከመድረሳችን በፊት፣ ከግንቡ አጥር ጋ ስንደርስ፣ «ከዚህ ነው የሚጀመረው» አለኝ። ማወቄን ያውቃል። ልቅሶ የሚደርስ ሰው ከሩቅ ድምፁን ያሰማል፤ ዝም ብሎ አይገባም።

ድምፅ አልወጣ አለኝ። አፌን ከፈትሁ፤ የለም። ቆምሁ። ክንዱ ፊቱን ወደ ማሳው አዞረልኝ። እንዴት እንደወጣ አላውቅም፤ «ላቀውዬ!» ሲል ሰማሁት። ያው ድምፅ ነው። እንደ ዱሮው ቀጭን። «ላቀውዬ! ወንድሜ! የአጥሬ ጎረቤት!»

ከማሳው፣ ከየቤቱ፣ ከወፍጮው ሰው መሮጥ ጀመረ። እዚያ ጩኸት ሰምቶ የሚቀመጥ የለም። «ማን ነው? መንበረ ናቸው? ሞቱ?» ይላሉ እየሮጡ።

«የለም፣ ላቀው ነው» ይላል ክንዱ።

«የትኛው ላቀው?»

በዕድሜ የገፉ ሰው፣ አያ እስጢፋኖስ ይሏቸዋል፣ በዱላቸው ቀስ እያሉ ደረሱ። ክንዱ «አያ፣ የአያቴ ልጅ ነው፤ ጎንደር የቀረው» አላቸው። አያ እስጢፋኖስ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «እሱማ አልተለቀሰም» አሉና ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው አደግድገው ከፊቴ ገቡ።

እትዬ መንበረ መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። እንደ ሕፃን ሆነዋል፤ ጭብጥ የማይሞሉ። እግራቸው ላይ ወደቅሁ። አላነሱኝም፤ አልገፉኝም። እስኪወጣልኝ ተዉኝ። ሰውም ዙሪያውን ያለቅሳል፤ ላቀውን አይተውት የማያውቁ ሰዎች። ቆይተው እጃቸውን ራሴ ላይ አደረጉ።

«ይበቃል፤ ተይ። ተነሽና ቁጭ በይ።»

ተቀመጥሁ።

«አወቀ ደህና ነው?»

«ሞተ፣ እትዬ። ስድስት ዓመቱ።»

«ነፍሱን ይማር» አሉ። «እሱ ግማሹን አድርሶት ነበር።»

ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም። ፊቴን አይተው ቀጠሉ።

«ደርግ በወደቀ በዓመቱ መጣ። ብቻውን። አንቺ ከቆምሽበት ቦታ ጀምሮ እያለቀሰ ገባ። ደጄ ላይ ጠመንጃ ይዞ የቆመው ልጅ መሆኑን አውቄዋለሁ። አስለቀስሁት። ከዚያ ‹ሚስትህስ? ልቅሶ ብቻውን የሚደርስ ባለትዳር የት አገር ነው ያየኸው?› አልሁት። ‹ምን ብዬ እንደምነግራት አላውቅም፣ እትዬ› አለኝ። ‹እንግዲያው ያደረስኸው ግማሽ ነው፤ ግማሹ ሲመጣ እቀመጣለሁ› ብዬ ሸኘሁት።» ትንፋሽ ወሰዱ። «ምነው ይህን ያህል ቆየሽ?»

«አልነገረኝም።»

«አንቺስ ነግረሽው ታውቂያለሽ?»

አርባ ዓመት በአንድ ትራስ ተኛን። እኔ እሱን እንዳልጎዳው ዝም አልሁ፤ እሱ እኔን እንዳይጎዳ ዝም አለ። ልቅሶ ቤት ለልቅሶ ቤት ሲሮጥ ኖሮ፣ ድብ ባሕር የደረሰውን አንዱን ልቅሶ ብቻ ሳይነግረኝ ሞተ።

«እትዬ መንበረ» አልሁ፣ «ያን ቀን፣ ሲመሻሽ፣ እኔ…»

«ውስጥ ነበርሁ እኮ» አሉኝ። «ሰምቼሻለሁ። ዛሬም ከግንቡ ጋ ስትሆኝ ሰምቼሻለሁ። በይ፣ ያን ነጠላዬን አቀብይኝ።»

አቀበልኋቸው። ጥለቱን ፈልገው ወደ ላይ አዞሩት። ክንዱ ሊያግዛቸው ቢጠጋ «ልቀቀኝ፤ አውቀዋለሁ» ብለው ቆጡት። አዘቅዝቀው ለበሱና ከመደቡ ወርደው ምንጣፉ ላይ፣ ከሰዉ ጋር ተቀመጡ። ከዚያ በልጃቸው ስም ተጣሩ። ያን ድምፅ አልጽፈውም።

ንፍሮው ዞረ። አያ እስጢፋኖስ ዘገኑ፤ እትዬ መንበረም ጥቂት ቀመሱ። አኝከው ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞር አሉ።

«ጨው አንሶታል። ጎንደሮች ዱሮም በጨው ትሰስታላችሁ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ዓይናቸው እንደረጠበ ሳቁ።

ትናንት ማታ አጠገባቸው ተኛሁ። ዛሬ ስነሳ «ከአርባው በፊት አንድ ጊዜ ብቅ በይ» አሉኝ፤ ልጁ ትናንት የሞተ ይመስል።

የካቲት 19፣ ረቡዕ

ትዕግስት ከሆስፒታሉ ወጥታ ወደ ዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ስትመላለስ ሰንብታ ኖሯል፤ እኔ አላወቅሁም። ስለዚያ ዘመን የሐዘን ክልከላ የተጠና አንድ ጽሑፍ አገኘች። ከጎንደር ሽማግሌዎች ቃል ተቀብለው የጻፉት ነው። «ይኸው ምንጭ» ብላ ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው።

የክንዱን ዓረፍተ ነገር መለስሁት፤ አንድ ቃል ሳልነካ። ጠባቂዎቹም አሉበት። አወቀ እዚያ ውስጥ ነው፤ ስሙ የለም፤ ቦታው ግን የሱ ነው። ደጅ ላይ መቆሙ እውነት ነው፤ በኋላ እያለቀሰ መግባቱም እውነት ነው፤ ይህኛው ግን ለመዝገበ ዕውቀት የሚሆን አይደለም፤ ለእኔ ይሁን።

ከጥናቱ ሌላ አንድ መስመር ጨመርሁ፦ «ጎረቤቶችም በሟች ደጅ መፈክር እንዲያሰሙ ይገደዱ ነበር፤ ያሰሙም ነበር።»

ሚዛን ወዲያው ደረሰ፦ «ከተገደዱ ማሰማታቸው የታወቀ ነው። ሁለተኛው ይውጣ።»

«ይቆይ» ብዬ ጻፍሁ። «ጥናቱም ሁለቱንም ብሏል።»

እስኪመሽ ጠበቅሁት። ተወው።

የካቲት 29፣ ቅዳሜ

ክንዱ ሐሙስ ደውሎ «አያቴ ጎንደርን ካላየሁ አሉ፤ ምን ልበላቸው?» አለኝ። ከዚያን ዓመት ወዲህ ረግጠዋት አያውቁም። «አምጣቸው እንጂ!» አልሁ። የፊተኛውን አልጋ አነጠፍሁ።

ዛሬ መጡ። ክንዱ አዝሎ ሊያወርዳቸው ቢል በዱላ መቱት። ከመናኸሪያው እስከ ፒያሳ በባጃጅ ሄድን፤ ሲያዩ፣ ሲያዩ፣ «ጎንደር አርጅታለች፤ እኔ ብቻ መስሎኝ» አሉ። ባለ ባጃጁ ከሳቁ ብዛት መንገድ ሳተ።

የዱሮው ሰፈር ወሰድኋቸው። አጥሩ የለም፤ ሁለቱም ቤቶች የሉም፤ በተርታ ሱቅ ሆኗል። ከወዲያ የሲሚንቶ፣ ከወዲህ የጫማ፤ የእሳቸው ደጅ የነበረው የሞባይል መጠገኛ ነው። እንዴት እንዳወቁት አልገባኝም። በዱላቸው መሬቱን ነካ ነካ አድርገው «እዚህ ነው» አሉ። ሱቅ ውስጥ ያለው ወጣት ስልክ ፈቶ ጎንበስ ብሎ ይሠራል።

«ልጄ፣ ደጃፍህ ላይ ጥቂት ልቀመጥ?»

ቀና ብሎ የተዘቀዘቀ ነጠላቸውን አየ። የእኔንም አየ። ሳይጠይቅ ተነስቶ ሁለት ወንበር አወጣልን፤ ለክንዱ ደግሞ ካርቶን።

ተቀመጥን። መጀመሪያ ዝም ብለን ሰው ሲያልፍ አየን። ከዚያ እትዬ መንበረ ልጃቸውን ጠሩት፤ እኔም ጠራሁት። መንገዱ መሐል፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ድምፃችንን ከፍ አድርገን። ሰው ቆም እያለ «እግዜር ያጥናችሁ» እያለ አለፈ። አንዲት ሴት የገዛችውን ቲማቲም መሬት አስቀምጣ ለማን እንደሆነ ሳትጠይቅ አብራን አለቀሰችና ሄደች።

እንዲህ እንዳለን የምሳ ሰዓት ደረሰ። ወጣቱ የሱቁን መዝጊያ ግማሽ አውርዶ ቁልፉን በእጁ እንደያዘ ወጣ። ያስቸገርነው መስሎኝ እትዬ መንበረን ላስነሳ ክንዳቸውን ያዝሁ።

«ኧረ ቁጭ በሉ» አለ። «ምሳዬን እዚሁ አመጣለሁ። እስኪወጣላችሁ የሚያስነሳችሁ የለም።»

እትዬ መንበረ ቀና ብለው አዩት። «የማን ልጅ ነህ?» አሉት። እሱም ነገራቸው፤ አባቱን አላወቁትም፤ ዱላቸውን አንስተው ለምሳው ቦታ ለቀቁለት።